ብሎን ሳይፈታ

ላፕቶፑን በቦርሳ ይዞ መገናኛ ድረስ የመጣ ሰው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይከፍላል። በታክሲ ተጋፍቷል፣ ወረፋ ጠብቋል፣ ባለሙያው የጀርባውን ብሎን ሲፈታና አቧራውን በብሩሽ ሲያራግፍ በዓይኑ አይቷል። ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ብልሽት፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ በኢንተርኔት ገብታችሁ ብታስተካክሉለት «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» ይልና ስልኩን ይዘጋል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ምን እንደተሠራለት ስላላየ፣ የሚከፍልበት ነገር አይታየውም።

እኔ ከሩቅ ሆኖ በክፍያ መጠገን ያዋጣል ብዬ የተነሣሁት ይህን እያወቅሁ ነው። ለዓመታት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፎርማት ሳደርግ፣ ዊንዶውስ ስጭን፣ ከሞተ ሃርድ ዲስክ ፎቶ ሳወጣ ኖሬአለሁ። ከሚመጣልን ሥራ ውስጥ ብሎን መፍታት የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነበር። ፕሪንተር አልታዘዝ አለ፣ ኢሜይል አልከፈት አለ፣ ፋይል ጠፋ፤ ይህን ለመሰለ ነገር ሰው ለምን ከሱሉልታ ድረስ ይንከራተታል? ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ የክፍያው ነገርም መላ አገኘ። ክፍለ ሀገር ያለ ደንበኛ ለትንሽ ገንዘብ ባንክ ቤት መሰለፍ አይጠበቅበትም። የደንበኛውን ስክሪን አኒዴስክ የሚባለው የርቀት ፕሮግራም ያመጣልኛል፣ ሒሳቡን ቴሌብር።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ደሴ ያለች የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ፍላሿ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖባታል። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቫይረስ ያውቀዋል። ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ኔትወርኩ አኒዴስክን መሸከም ስላቃተው በስልክ ማስጻፍ ያዝኩ።

«ኤ በይ፣ ቲ ሁለቴ፣ አር፣ አይ፣ ቢ። አሁን ስፔስ። ማይነስ፣ ኤች። ስፔስ። ማይነስ፣ አር።»

«ቆይ፣ ማይነሱ ከኤች ጋር ይጣበቃል?»

«አዎ እህቴ፣ ይጣበቅ። ስፔሱ ከማይነስ በፊት ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ደወልኩ። ከየት እንዳቆምን ጠፋንና እንደገና ከኤ ጀመርን። በመጨረሻ ኢንተር ስትጫን ለአፍታ ዝም አለች፤ ቀጥላ «መጡ! ኧረ ሁሉም መጡ!» ብላ ስትጮህ የቢሮው ሰው ሲሰበሰብ ይሰማኛል። የግማሽ ዓመት ሒሳብ ነበር። ሁለት መቶ ብር እንድትልክልኝ ስነግራት ግን ድምጿ ተለወጠ። «የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ይህችን ንግግር ብዙ አሰብኩባት። ልጅቷ አላጭበረበረችኝም፤ በእርግጥም የሠራው የእሷ ጣት ነው። እኔ የሸጥኩላት የትኛው ፊደል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጻፍ ማወቄን ነው። እውቀት ደግሞ በእኛ አገር ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ «ኮምፒውተር ከሚችለው ልጅ» በነጻ የሚገኝ ነገር ነው። ዛሬ በዚያ ላይ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። ምክር ብቻ እሸጣለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ጋር መወዳደር አይችልም። ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ከበደ። አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት የደንበኞቹ የሠርግ ፎቶ ሁሉ አልከፈት ብሎት ደወለ። ገብቼ ሳየው በየፎቶው ስም መጨረሻ አራት እንግዳ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ደግሞ 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ግማሹ ይቀርልሃል የሚል ደብዳቤ ተቀምጧል። «ስቶፕ» የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገባው በክራክ ሶፍትዌር ነው፤ እሱም ከቀናት በፊት የፎቶ ማቀናበሪያ ክራክ አውርዶ ጭኖ ነበር። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፤ እዚያ ሞከርኩለት። ቫይረሱ ሲቆልፍ ከጌቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ካልቻለ፣ ለብዙ ሰው የሚጠቀምበት አንድ የጋራ ቁልፍ አለው፤ ያ ቁልፍ ከተገኘ ፋይሉ ይፈታል። ከተገናኘ ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የየራሱን ቁልፍ ይሰጣል። የዚህ ሰው ኮምፒውተር ያን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ስሞክር አድሬ የነገርኩት ይህን ነው፦ ገንዘብ እንዳትልክ፣ ዲስኩን አውጥተህ አስቀምጥ፣ ምናልባት አንድ ቀን ቁልፉ ይገኛል፣ እስከዚያ አዲስ ዲስክ ግዛ። «ታዲያ አንተ ምን ሠራህልኝ?» አለኝ። ሐዘኑ ገብቶኛል፤ የሰው ሠርግ ነው የጠፋበት። ቢሆንም ክሊኒክ የሄደ ሰው መጀመሪያ ካርድ ያወጣል፤ ሐኪሙ አድንሃለሁ ብሎ ስለፈረመለት ሳይሆን ስለሚያየው ነው። ለማየት መክፈል በሕክምና የተለመደ ነው፣ በእኛ ሙያ ግን ገና አልተለመደም። ካልተለመደ ደግሞ ከሩቅ የሚጠግን ሰው የሚያገኘው ቀላሉን ሥራ ሠርቶ ምርቃት፣ ከባዱን ሞክሮ ወቀሳ ነው።

የሐሳቤን አቅጣጫ የለወጡት ግን አንዲት እናት ናቸው። አዲስ አበባ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጃቸው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ቅዳሴም ድራማም እንዲያዩበት፣ እሷንም እንዲያዩበት ላፕቶፕ ልካላቸዋለች። ልጅየዋ ጽፋልኝ ደወልኩላቸው። ገና ስልኩን ሲያነሡ ከበስተኋላ ጡሩምባ የመሰለ ጩኸትና በእንግሊዝኛ የምትለፈልፍ ሴት ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ ሶኬቱን ነቀልኩት እኮ፤ አሁንም አልተወኝም!» አሉኝ። ባትሪው ሙሉ ነበር።

የሆነው ግልጽ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፣ እንዳያጠፉት፣ በዚህ ቁጥር አሁኑኑ ይደውሉ የሚለው ነው። ቁጥሩ ደዋዩን ከአጭበርባሪዎች ጋር ያገናኘዋል፤ እነሱም የርቀት ፕሮግራም ያስጭኑታል፣ «ጠገንን» ብለው ያስከፍሉታል። እኔም እንግዲህ የርቀቱን ፕሮግራም እንዲከፍቱና ከላይ የሚታየውን ዘጠኝ አሃዝ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው።

«ቁጥር? አይሆንም የኔ ልጅ። ቁጥር ንገሪኝ ለሚል ሰው እንዳትነግሪ ተብያለሁ። አንተንስ በምን አውቄህ?»

ላሳምናቸው አልሞከርኩም፤ ትክክል ነበሩና። ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ እያለ የምስጢር ቁጥር የሚያስነብበው ሰው ስንቱን አራቁቷል። እሳቸው ካሉበት ሆናችሁ ተመልከቱት፦ አንዱ ከስክሪን ውስጥ ይጮኻል፣ ሌላው በስልክ በትሕትና ይናገራል፤ የሁለቱም ልመና ግን አንድ ነው፣ በሩን ክፈቱልኝ። ልጅየዋን በመስመር ላይ አስገባኋት፤ እዚያ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። «እማዬ፣ እሱን የላክሁት እኔ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ እየደጋገሙ አነበቡልኝ። ብሮውዘሩን ከታስክ ማኔጀር ዘጋሁ፤ ከአንድ የድራማ ድረ ገጽ ሳያውቁ የፈቀዱትን ማሳወቂያ አጠፋሁ። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥገናው ራሱ ደቂቃዎች ነው የፈጀው፤ ጊዜ የወሰደው መተማመኑ ነው።

ልጅየዋ የዚያን ዕለቱን ከፈለች፤ ቀጥላም «በየወሩ ልላክልህ፣ እሷ ግራ ሲገባት ለአንተ ትደውል» አለችኝ። ብዙ የደከምኩበት ንግድ በሩ የት እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከፋዩ ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው አይደለም፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ስለ እናቱ የሚጨነቀው ነው። የሚገዛውም ጥገና አይደለም፤ እናቱ በአማርኛ፣ በእርጋታ፣ ሳይቆጣ የሚያስረዳቸው የታወቀ ሰው እንዳላቸው ማወቁን ነው።

የፈረንጁን አገር ታሪክም ሳይ ነገሩ ያው ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 «ሄልፕአውትስ» የሚል አገልግሎት ጀምሮ ነበር፤ ባለሙያና ጠያቂ በቪዲዮ ይገናኛሉ፣ ክፍያው እዚያው ያልቃል። ቴክኖሎጂው አልጎደለም፣ ስሙም አልጎደለም። በሚያዝያ 2015 የጠበቅነውን ያህል አላደገም ብለው ዘጉት። በሌላ በኩል «ጊክ ስኳድ»ን ሮበርት ስቲቨንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ብቻውን፣ በብስክሌት ወደ ደንበኞቹ እየሄደ ጀመረው፤ በ2002 ቤስት ባይ ገዛው፣ ዛሬም አለ። በመጀመሪያ ቤት ለቤት የታወቀ ፊት ነበረው፤ በኋላም ሰው ሄዶ የሚጮህበት ሱቅ። እምነቱ ሲጎድል የሚሆነውንም አይተናል፦ ኦፊስ ዲፖና ሰፖርት ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር 35 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ታርቀዋል። የክሱ ፍሬ ነገር ደንበኛው «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው» የሚለውን ሳጥን ብቻ ምልክት ቢያደርግ፣ ምርመራው ምንም ያግኝ ምን፣ ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት ተገኝቷል ይል ነበር የሚል ነው። እንዲህ ያለው ነገር ቅን ሆኖ የሚሠራውን ባለሙያ ሁሉ ደጅ ያስጠናል፤ በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

የእኛ አገር ፈተና ሌላም አለው። ዊንዶውስ ሲጫን መብራት ይጠፋል፤ የደንበኛው ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት አማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ ደሴ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ያሉ ደንበኞቼ ለረጅም ወራት ተቆረጡብኝ። በሥራ ጥራት የማይመለስ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ንግድ ሙሉ በሙሉ እተዳደራለሁ የሚል ወጣት ካለ ይህን በቁም ነገር ይያዘው።

አሁን የሚያቆየኝ እንደ ሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ካሉ ቤተሰቦች ሌላ የትንንሽ ቢሮዎች ወርኃዊ ውል ነው። ከእነሱ አንዱ የጠበቃ ቢሮ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ገዝተው የድሮውን ክስና ውል ሲከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ መጣባቸው። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቢሮ በቪዥዋል ግዕዝ መጻፉን ቀጥሏል። በዚያ የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም። ውጭ አገር ያለ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ይህን ችግር ከየት ያውቀዋል? ፎንቱን ጫንኩላቸው፣ ሰነዶቹን ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ እየለወጥን ነው፤ የተለወጠውንም ጸሐፊያቸው ከድሮው ወረቀት ጋር ቃል በቃል ታመሳክራለች፤ ውል ላይ አንዲት ፊደል ብትዛባ ጣጣ ነውና።

ውላችን ላይ ያስቀመጥኩት ነገር አጭር ነው፦ ችግር ይኑር አይኑር በየወሩ ይከፈላል፤ በየሳምንቱ አርብ ባክአፕ መወሰዱን አረጋግጣለሁ፤ አዲስ ደንበኛ ከጥገናው በፊት ችግሩን ለማየቴ ይከፍላል። ጠበቃው ሲያነቡት አንድ ብቻ ጠየቁ፤ «ብልሽት በሌለበት ወር ለምን እከፍላለሁ?» «ብልሽት እንዳይኖር ነው የምሠራው» አልኳቸው፤ ፈረሙ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ፣ ከኮምፒውተሮቻቸው ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉትን አሮጌዎቹን በምን እንደምንተካ እየተነጋገርን ነው። ዋጋ እየሰበሰብኩላቸው ነው።