እማማ፣ ወደዚህ አይመልከቱ

የአገራችን ያልተነካ ማዕድን ወርቅ ነው፣ ፖታሽ ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት አንድ ደብር ደጃፍ ቆመው አያውቁም። ዋናው ማዕድን የእማማ ፊት ነው። ቁፋሮ አይፈልግም፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ግብር አይከፈልበትም። ባለቤቲቱም ከቦታቸው አይነሱም፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አጋድመው፣ ግንቡን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የሚያስፈልገው ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎበዝ ብቻ ነው፤ ጎበዝ ደግሞ ሞልቷል። እኔም ብዕሬን ያነሳሁት ይህን ጎበዝ ላመሰግን ነው፤ እስካሁን የሚያመሰግነው ራሱ ብቻ ነበርና።

ነገሩ የሚጀምረው ካሜራው ከውጭ ሲመጣ ነው። ዱባይ የምትሠራ እህት ወይም ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አጎት በጂንስና በሻምፖ መሀል ሸጉጦ ያስገባዋል። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ ለተማሪ የሚበቃና የሚተርፍ ነው፤ የኛ ሰው ግን ሳምንት ሳይሞላው ይንቀዋል። "ኪት ሌንስ እኮ ነው" ሲል አፉን ያጣምማል። ስለዚህ እቁብ ይገባና 85 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ይገዛል። ለምን ቢባል፣ ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ሁሉ ድምጥማጡን ያጠፋለታል። ከእማማ ጀርባ ምን ነበር? ጧፍ ሻጯ ነበረች፣ ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ነበር፣ አዲስ የሚሠራ ሕንጻ የታጠረበት ቆርቆሮ ነበር። አሁን ሁሉም ሟሙቶ ክብ ክብ የብርሃን ጠብታ ሆኗል። እማማ አራት ኪሎ ይቀመጡ ሊዝበን፣ ማንም አያውቅም። ሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን የሚባለው ፈረንሳዊ መንገዱንም፣ ግድግዳውንም፣ ሰውየውንም ባንድ ላይ እያስገባ ዕድሜውን በአብዛኛው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገፋው። ምስኪን፣ እቁብ የሚያስገባው ወዳጅ አላገኘም።

አሠራሩን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ጎበዙ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሳል። ከዚያ ይጠጋል። እማማ ያዩታል። ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል የሚያደርገውን ሁሉ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ከግንባራቸው የወጣውን ሽበት ወደ ሻሻቸው ይመልሳሉ፣ ወገባቸውን ቀና አድርገው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ልክ የሠርጋቸው ዕለት እንደተነሱት። ጎበዙ ይበሳጫል።

"እማማ፣ ወደዚህ አይመልከቱ። እንደሌለሁ ያስቡ።"

"የት ልይ ታዲያ ልጄ?"

"ዝም ብለው ወደ መሬት። እንዳዘኑ ሆነው።"

እማማ ጠዋት ቅዳሴ ሰምተው፣ ከጎረቤታቸው ጋር እየሳቁ የመጡ ናቸው። ግን የልጅ ልጅ የሚሆን ልጅ ለምኗቸው እንዴት እንቢ ይላሉ? ያዝናሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። "ናቹራል" የሚባለው ይህ ነው።

"መቼ ነው የምትሰጠኝ?" ይላሉ በመጨረሻ።

"ቴሌግራም አለዎት?"

ቴሌግራም የላቸውም። ጉዳዩ በዚሁ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ስለ ሙያው ትንሽ እናውራ፤ ሙያ የሚባል ነገር በዚህ መሀል ካለ። ካሜራ የዋህ ዕቃ ነው። የቀረበለት ሁሉ ባማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ ነጠላ ሲደቀንበት "ብርሃኑ በዛ" ይልና ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይሆናል፤ የእማማ ጠይም ፊት ይጠቁርና ዓይናቸው ይጠፋል። ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ጃንሜዳ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲውል ደግሞ የከተማው አማተር ሁሉ በአንድ ቀን አመድ ያነሳል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት አንዲት መዘውር ናት፤ ወደ መደመር አንድ እርምጃ ማዞር ብቻ ነው። በተረፈ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ከቅንድብ ሥር ጥላ ስለምትጥል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መምጣት ወይም እማማን ወደ ጥላው ጠጋ እንዲሉ መለመን ነው። ግን ይህ መመሪያውን ማንበብና በማለዳ መነሳት ይጠይቃል። ጎበዛችን አጭር መንገድ አለው፤ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል። የጠፋው ዓይን "ምስጢር" ይባላል፣ የጠቆረው ፊት "ስሜት" ይባላል፣ ከሥሩ "ጽናት" ተብሎ ይጻፍና የጎበዙ ስም በወርቅማ ፊደል ከእማማ አገጭ በታች ይታተማል። የእማማ ስም የለም። አልተጠየቁማ! ስም መጠየቅ ድባቡን ያበላሻል።

ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ነገረኛ እዚህ ላይ እጁን ያወጣ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ታዋቂ ሰዎችንና በአደባባይ የሚደረጉ በዓላትን ከዚህ ነጻ ስለሚያደርግ ለጥምቀቱ ሰልፍ ችግር የለም። እማማ ግን ሚኒስትር አይደሉም፤ ግንብ ተደግፎ መቀመጥም በዓል አይደለም። ይሁን እንጂ ሕጉ ሲጻፍ 85 ሚሊ ሜትሩ ገና አልተገዛም ነበር፤ ይቅርታ ይደረግለት።

ይህ ድፍረት ግን አድራሻውን ያውቃል። ቦሌ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ፊታቸው አድርገው የተቀመጡ ባለሀብትም ግንባራቸው ተሸብሽቧል፤ እሳቸውም በኑሮ ብዙ አይተዋል፤ ባንክና ግብር ያወጣው መስመር ከማንም አያንስም። ጎበዛችን ግን ሌንሱን ወደዚያ አያዞርም። ሾፌራቸው ደጅ ቆሟልና "ጥበብ" ወደዚያ አትሄድም።

ደቡብ ኦሞ የወረደው ጓደኛው ደግሞ ተናዶ ተመልሷል። ሙርሲዎች ለፎቶ ገንዘብ ይጠይቃሉ አሉ! "ባህሉን ንግድ አደረጉት" እያለ ሲያዝን ሰማሁት፤ ፎቶው ላይ የራሱን ስም እያተመና ለሆቴል ግድግዳ ስንት እንደሚሸጠው እየተደራደረ።

በድሮ ጊዜ ነገሩ ኋላ ቀር ነበር። ከአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመኖቹ ቦያጂያኖች፣ አባትም ልጆችም፣ ንጉሥ ፊታቸው ሲቀመጥ ንጉሡ መታየት በሚፈልገው መልክ ነው የሚያነሱት። "ጃንሆይ፣ ወደዚህ አይመልከቱ፤ እንዳዘኑ ሆነው" ያለ አልተሰማም። የሠፈሩ ፎቶ ቤትም እንደዚያው ነበር። ደንበኛው ጸጉሩን አበጥሮ፣ ከተሰቀለው ኮት አንዱን ተውሶ ይገባል። ፎቶ አንሺው በሁለት ጣቱ አገጩን ቀና ያደርግለታል፤ ከኋላ አውሮፕላን ወይም ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ አለ፤ "ዓይንህን አትጨፍን" ይባላል። በቀጠሮው ቀን ፎቶው በፖስታ ውስጥ ይሰጣል፤ ዓይን ከተጨፈነ እንደገና ይነሳል። እናም ያ ሰውዬ ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ እያነሳ፣ የጠይምን ፊት ከነጭ ሸሚዝ ጋር ማስማማትን ያውቅ ነበር። አርቲስት ነኝ ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም።

የኛን ጎበዝ ጎረቤቱ ለልጇ ክርስትና ና አንሳልኝ ብላው ነበር። ጠባብ ቤት፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ቦታ የማይቆም ሕፃን፣ ዳቦ የሚቆርስ አያት። የካሜራው መዝጊያ (ሹተሩ) ከዘገየ ሕፃኑ ጭጋግ ይሆናል፣ የብርሃን ማጉያው (አይኤስኦው) ከፍ ካለ ግድግዳው በነጠብጣብ ይሞላል፣ ሌንሱ በሰፊው ከተከፈተ አንዱ ጠርቶ አንዱ ይደበዝዛል። አንድ ሰው ካሜራ የሚማርበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ የተነሱት ሰዎች በማግሥቱ በር አንኳኩተው "የታለ?" ይላሉ። መልሱ አጭር ነበር፤ "እኔ ክርስትና አላነሳም። የጎዳና ፎቶ አንሺ፣ ስትሪት ነኝ።"

አሁን እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይኸው ጎበዝ አሠልጣኝ ሆኗል። ካሜራው ዓመት ሳይሞላው "መሠረታዊ የፎቶግራፍ ሥልጠና፣ ከሰርተፊኬት ጋር" ብሎ አስታውቋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደዚያው ደብር ወሰዳቸው። እማማ ከሩቅ አይተውት ማንም ሳያዛቸው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ መሬት አቀረቀሩ። ተማሪዎቹ ተንበርክከው ሊያነሱ ሲሉ ቀና አሉና፣ "በጥቁርና ነጭ ከሆነ 50 ብር ነው፤ ከለር ከሆነ 100። ካሳጠባችሁልኝ ግን በነጻ" አሏቸው።

አሠልጣኙ እጅግ አዘነ። ናቹራልነታቸው ተበላሽቷል አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥልጠናው ከከተማ ወጣ ወዳለ ሌላ ደብር ተዛውሯል፤ እዚያ ያሉት እናቶች ገና አልነቁም።