ኮምፓይል ያላደረገ ምኑን ባለሙያ!

አቀስታ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ገዛ እንበል። ተራ ሰው ኡቡንቱ ይጭናል፣ "አፕት ኢንስቶል ኢንጂንኤክስ" ብሎ ይጽፋል፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሥራው ያልቃል። ታዲያ ይኼ ምኑ ያኮራል? ለአምስት ደቂቃ ሥራስ ከደሴ ድረስ ለመጣ ሰው ውሎ አበል ማን ይከፍላል?

የእኛ ባለሙያ የዚያኑ የድረ ገጽ ሶፍትዌር ሶርስ ኮድ አውርዶ "ኮንፊገር" ይላል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ መስመር በመስመር ይንጋጋል፤ ሠራተኛው ከኋላው ቆሞ ይደነቃል። ድንገት ቀጥ! ለካ ዜድሊብ የሚባለው ላይብረሪ የለም። ዜድሊብም፣ የኦፕንኤስኤስኤል ሄደር ፋይሎችም፣ ኮምፓይል የሚያደርገው ጂሲሲ ራሱም ከዚያው ከናቀው የፓኬጅ መጫኛ፣ ከአፕት ይመጣሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን "ሙሉ በሙሉ ከሶርስ ተሠራ" ተብሎ ይጻፋል። በአቀስታ ብርድ ፕሮሰሰሩ ክፍሉን ማሞቁንስ ማን ይክዳል?

"የአፕት ፓኬጅ አሮጌ ነው" ይለናል። ልክ ነው፣ ቁጥሩ አሮጌ ነው። መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ኸርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲወጣ፣ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ከሰርቨር ሜሞሪ ሊቀዳ እንደሚችል ዓለም አወቀ። የደቢያን ሊኑክስ አዘጋጆች ማስተካከያውን በዚያው ዕለት እዚያው አሮጌው 1.0.1ኢ ላይ አስገብተው ለቀቁት። በፓኬጅ የሚሠሩት ሰነፎች አፕዴት አድርገው፣ አገልግሎቱን ሪስታርት ብለው፣ ቁልፋቸውን ለወጡ። በእጅ ኮምፓይል ተደርጎ "ዩኤስአር ሎካል" ውስጥ የተቀመጠውን ቅጂ ግን አፕት አያውቀውም፤ ያላወቀውንም አያድስም። ጠባቂው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ውሎ አበሉን ተቀብሎ ሄዷል።

ፓኬጁ የማይሰጠው ሞጁል የግድ ያስፈለገው ሰው ከሶርስ ቢሠራ አይፈረድበትም። እንዲህ ያለው ግን የሠራውን በደብ ፓኬጅ ይጠቀልላል፣ የመረጣቸውን አማራጮች ይመዘግባል፣ የደኅንነት ማስታወቂያ ይከታተላል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ፎቶ አይነሱበትም።

ጀግናችን ዝውውር አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ሰርቨሩ በታወቀ ቀዳዳ ተሰብሮ ሲዘጋ ተተኪው በምን አማራጭ እንደተሠራ ሊጠይቅ ይደውላል፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። መሥሪያ ቤቱ ግን መላ አያጣም፤ "ሲስተም የለም" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፋል። እሷም ብትሆን የእጅ ሥራ ናት፤ ከየትም ፓኬጅ አልመጣችም።