መድኃኒቱ ከ8ኛው ደቂቃ በኋላ ነው

ሐኪም ለመሆን ዓመታት መማር፣ አስከሬን ላይ ማጥናት፣ ሌሊቱን ተረኛ ማደር የግድ ነበር። ዩቲዩብ ይህን ሁሉ እንግልት አስቀርቶታል፤ ነጭ ጋዋን፣ የስልክ መቆሚያና «ሐኪሞች የደበቁት ሚስጥር» የሚል ርዕስ ይበቃል። ኩባንያው የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል በተለመደው መንገድ 1000 ተከታይና በዓመት 4000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። የሙያ ፈቃድ ከመስፈርቱ ውስጥ የለበትም።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ የኩላሊት ጠጠሩም በጥቁር አዝሙድና በማር ይድናል። አወሳሰዱ ግን ከ8ኛው ደቂቃ በፊት አይነገርም። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ ከ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ዩቲዩብ በመሃል ማስታወቂያ የሚያስገባው 8 ደቂቃ በሞላ ቪዲዮ ላይ ነው።

እውነተኛ ሐኪሞችም እዚያው መንደር አይጠፉም። ችግራቸው «እንደ በሽተኛው ይለያያል፤ መጀመሪያ ምርመራ» ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ደረቅ ወሬ ማን ለወዳጁ ያጋራል?

ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ቪዲዮ አምኖ ኢንሱሊኑን ቢተው በቀናት ውስጥ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ለባለ ቻናሉ ግን ስጋት የለም፤ ከቪዲዮው ሥር ያለው ምስጋና ብቻ ነው። የሞተ ሰው ኮሜንት አይጽፍም።