ፕላስተሩ መጣ፣ ገመዱ ቀረ

ጡረታ እስክወጣ ያላሳዩኝ የአሠራር ለውጥ የለም። ቢፒአር የሚሉት የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ ተብሎ ግድግዳው ፈረሰ፤ ሁላችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ተኮለኮልን። እሱን ሳንለምደው ቢኤስሲ የሚሉት የውጤት መመዘኛ ተከተለ፤ ቀጥሎ አንድ ለአምስት መደራጀት፤ ከዚያ ካይዘን። ዱባይ ሆቴል የሚሠራው የወንድሜ ልጅ ደግሞ ኬፒአይ ስለሚሉት የሥራ መለኪያ በስልክ ምሬቱን ይነግረኛል። ሲያስረዳኝ ብሰማ፣ ዕድሜ ልኬን ስሞላው የኖርኩት ቅጽ ነው! የዓለም አለቆች ማታ ማታ ይማከራሉ እንዴ?

የጃፓን ነው ያሉን ካይዘን እንኳ ግማሽ ዘሩ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤድዋርድስ ዴሚንግ የሚባል አሜሪካዊ ጃፓን ሄዶ የጥራት ቁጥጥር አስተማረ። ጃፓኖቹ ትምህርቱን አሳደጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቶዮታ ካሊፎርኒያ ገባና ጀነራል ሞተርስ ዘግቶት የነበረውን የፍሪሞንት ፋብሪካ ከራሱ ከባለቤቱ ጋር በሽርክና ከፈተው። ብዙዎቹ ሠራተኞች የድሮዎቹ ነበሩ። አዲሱ ነገር ገመዱ ነበር፦ ጉድለት ያየ ተራ ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፣ ካልተስተካከለ የማምረቻው መስመር ይቆማል፤ አለቃው የሚመጣው ሊረዳ እንጂ ሊቆጣ አይደለም።

እኛስ? የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመልን። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልን አምስቱን "ማ"ዎች እንደ ዳዊት ደገምን። እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት የስቴፕለሬን ቦታ በቢጫ ፕላስተር ከበቡልኝ። ስቴፕለሩ ሽቦ አልነበረውም። ሽቦ እንዳልጠይቅ ፈራሚው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ስለ ካይዘን ነው!

አንድ ቀን አንዲት ጀማሪ ሠራተኛ እጇን አውጥታ "ይሄን ቅጽ ሁለት ቦታ የምንሞላው ለምንድን ነው?" አለች። ገመዱን መሳቧ ነበር፣ የኔ ልጅ። ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና "የአመለካከት ችግር ይታይብሻል" አሏት። በሩብ ዓመቱ ምዘና ነጥቧ ተቆረጠ። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል ላደገ አለቃ ምን ዓይነት ሥልጠና ይበጀዋል?

"ጋሼ፣ ዓለም እኮ በአሠራር አንድ እየሆነ ነው" ይሉኛል ልጆቹ። በቅጹማ ሆኗል! ቅጽ ምን ቸገረው፣ ያለ ቪዛ ይገባል። ከአለቃ ላይ ሥልጣን ቆርሶ ለበታች መስጠት ነው ጉምሩክ ላይ የሚያዘው። አሁንም አዲስ ሥልጠና መጥቷል አሉ። ይምጣ፤ ግን መጀመሪያ የዚያችን ልጅ ነጥብ ይመልሱላት።