ማይኩን የሙጥኝ

የኮንትራ ዳንስ ኮለር ለመሆን ቆርጠው ተነሥተዋል፤ እሰየው። ኮለር ማለት መድረክ ላይ ማይክ ይዞ፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ለተሰለፉ ጥንዶች ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ የሚናገር ሰው ነው። ይህ ጭፈራ የሚዘወተርባት የአሜሪካዋ ኒው ኢንግላንድ ሰዎች ግን አንድ አጉል ልማድ አላቸው። ዙሩ ጥቂት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ኮለሩ ቃላቱን እያሳጠረ፣ እያሳጠረ ሄዶ ጭራሽ ዝም ይላል። ጨፋሪው በዜማው ብቻ እየተመራ ይቀጥላል፤ ኮለሩ ውሃውን ይጎነጫል። ይህንንም ሙያ ይሉታል! እጅ የገባ ማይክ እንዲህ ይጣላል? ሠርግ ላይ "አንድ ነገር ብቻ ልበል" ብሎ ማይክ ያልመለሰ ዘመድ ካለዎት ነገሩ በደምዎ አለ፤ የቀረውን እኔ ልንገርዎ።

የኮንትራ አንድ ዙር 64 ምት ነው። የዜማው አንደኛ ክፍል ሁለቴ፣ ሁለተኛውም ሁለቴ ይመታል፤ እያንዳንዱ 16 ምት መሆኑ ነው። እንቅስቃሴውም በዚያው ተሰፍሮ ይገባል። ጀርባ ለጀርባ ተላልፎ መመለስ፣ ማለትም ዶሲዶ፣ 8 ምት ይወስዳል፤ እጅ ተያይዞ ወዲህ ወዲያ ብሎ መሽከርከር፣ ማለትም ባላንስና ስዊንግ፣ 16። ልማደኞቹ ትእዛዙን የሚናገሩት ያለፈው እንቅስቃሴ ሊያልቅ ጥቂት ምት ሲቀረው ነው። የመጨረሻዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሚቀጥለው ሐረግ የመጀመሪያ ምት ይወርዳል፣ እግርም አብሮ ይነሣል። እርስዎ ግን ልክ ምቱ ላይ ይናገሩ። ጨፋሪው ይሰማል፣ ያስባል፣ ይነሣል፤ ከስምንቱ ምት ሁለቱ በመስማት አለቀ። የቀረውን በሩጫ ይጨርሳል፣ ካልጨረሰም ለሚቀጥለው ያረፍዳል። ከዚያ በኋላ ዜማውን ማን ይሰማል? ዓይን ሁሉ እርስዎ ላይ ነው።

የቃላቱም ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ በየትኛው እጅ፣ ከዚያ ምን። እርስዎ "ማን"ን መጨረሻ ያድርጉት። አሁን አሁን በብዙ አዳራሾች ወንዶች፣ ሴቶች ማለት ቀርቶ ሁለቱ ሚናዎች በወፍ ስም ላርክና ሮቢን ይባላሉ። "ወደ መሃል ገብታችሁ፣ በግራ እጅ፣ አንድ ዙር ተኩል... ላርኮች!" ሲሉ ሮቢኖቹ ቀድመው መሃል ገብተዋል። ክርኑን የሚያሻሽ፣ መነጽሩን ከወለል የሚፈልግ፣ "ይቅርታ" የሚባባል ያያሉ። ማብራሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ ማይክ ይፈልጋል።

ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት በእርምጃ ብቻ የሚደረገው ልምምድ አጭር ይሁን ይላሉ። አይስሟቸው። ታሪክ ያውሩ። ጆን ፕሌይፎርድ እ.ኤ.አ. በ1651 ለንደን ላይ ካሳተመው የጭፈራ መጽሐፍ ይነሡ፤ ኒው ሃምፕሸር ሲደርሱ ኮለሩ ራልፍ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1949 ኖርዘርን ጃንኬት የሚባል መጽሔት መጀመሩን ሳይጠቅሱ አይለፉ። ሰዎቹ ይህን ሁሉ የሚሰሙት የማያውቁትን ሰው ላብ ያጠመቀው መዳፍ እንደያዙ ነው፤ ለመልቀቅ ያፍራሉ። እንዲህ ያለ አድማጭ ሌላ ቦታ አያገኙም።

የራስዎን ኮንትራ መድረስም አይቅርብዎ። ጎረቤቱን፣ ማለትም ፊቱ ካለው ጥንድ አንዱን፣ በቀኝ እጁ ይዞ ለዞረ ሰው ነፃ ያለው ግራው ስለሆነ ደራሲዎቹ ቀጣዩን በግራ ያደርጉለታል። እርስዎ ወዲያው አጣማሪውንም በቀኝ ያሲዙት፤ አንዲት ቀኝ እጅ ሁለት ባለቤት ይወጣላት። ደግሞ 64ቱ ምት ሲያልቅ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቦታ ተራምዶ አዲስ ጥንድ ፊት መቆም አለበት። ይህን ከረሱት ሁሉም ከነዚያው ሁለት ጎረቤቶች ጋር ይከርማል፤ ለዕድር እንጂ ለኮንትራ አይሆንም።

ስኩዌር ዳንስ አይሻልም ወይ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ በዘመናዊው ስኩዌር ስምንቱ ጨፋሪዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማያውቁ ኮለሩ ዝም ማለት አይችልም። ነገር ግን በትኖ በትኖ ሲያበቃ እያንዳንዱን ከአጣማሪው አገናኝቶ ቦታው መመለስ ግዴታው ነው። ጭንቅላት ይፈጃል፤ እኛ የፈለግነው ማይክ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አንባቢዎች ግሌን ኤኮ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 የተሠራውን ስፓኒሽ ቦልሩም ብቅ ብለው ይዩት፤ ኮንትራ የሚጨፈርበት ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሩቅ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ስንት ዙር እንደቀረ ለባንዱ በጣት የሚያሳየው ኮለሩ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቿ ክንዷ ዝሎ፣ ቅንድቧን አንሥታ ወደ እርስዎ ስትመለከት ጣሪያውን ያድንቁ።