ቅቤ የጠጣ ዱላ

ዱላ ለመራመጃ የሚሠራ የእንጨት መሣሪያ ሲሆን መቐለ ውስጥ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሳይራመድ ነው። ባለቤቱ በሮማናት አደባባይ አካባቢ ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ በጉልበቶቹ መካከል ይቆማል፤ ባለቤቱ ቆሞ ሲያወጋ ደግሞ ትከሻው ላይ ተጋድሞ ሁለት ክንድ ይሸከማል። የቀረው ጊዜው ወደ ሩቅ ነገር በመጠቆም ያልፋል።

ለዚህ ሁሉ ኃላፊነት በብዛት የሚታጨው ወይራ ነው። የሐበሻ ወይራ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ዘይት ከሚጨመቅለት ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ፍሬው ግን ደቃቅ ስለሆነ ለጨማቂ አይረባም። በዚህ የተነሣ ከዘይት ቤተሰብ የተወለደው እንጨት ቅባቱን ከላም ይበደራል።

ዱላው ልጡ ተልጦ፣ በእሳት ተለብልቦና ተቃንቶ በጥላ ይደርቃል። የመቐለ በጋ ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ ላይ የተተወ እርጥብ ዱላ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ዱላ ደግሞ በቅባት አይታረቅም። የደረቀው በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ረጠብ ያለ ጨርቅ ሲያልፍበት የእንጨቱ ቃጫ ብድግ ስለሚል፣ አለቀ የተባለው ሥራ እንደገና ይጀመራል።

ስለ ቅባቱ የሚደረገው ክርክር ከመቀባቱ ይረዝማል። ቅቤ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ያወዛዋልም፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይደርቅም። ባለዱላው የጨበጠውን እጅ ሁሉ እየቀባ ይሄዳል፤ ሰላምታ በሚበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሰነብትም ይሸታል። የኑግ ዘይት በመጠኑ፣ የተልባ ዘይት ግን በደንብ ይደርቃል፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስስ ሽፋን ይሆናል። ለዚህ ቀናት፣ ጥሬው ዘይት ከሆነ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ቫርኒሽ ቶሎ ያብረቀርቃል፣ ቶሎም ይላላጣል፤ የችኩል ሰው ምርጫ ነው።

ከሃይማኖት አንጻር ዱላ ጾም የለበትም። 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም የቅቤ ፈላጊው ስለሚያንስ ዱላን ለማጥገብ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም፤ ባለቤቱ ዘይት ሲበላ ዱላው ቅቤ ይጠጣል።

አቀባቡ ቀላል ነው። ጥቂት ዘይት በመዳፍ ተይዞ እንጨቱ ሞቅ እስኪል ይታሻል፤ ጥቂት ቆይቶ ያልሰረገው ተጠርጎ ይነሣል፣ አለዚያ ይጣበቃል። የአውሮፓ አናጢዎች የቆየ ደንብ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ለአንድ ወር በየሳምንቱ፣ ለአንድ ዓመት በየወሩ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ በየዓመቱ ቀቡ ይላል። የመቐለ ባለዱላ ይህን ደንብ የሚፈጽመው ትዝ ሲለው ነው፤ በውጤቱ ላይ የታየ ልዩነት የለም።

መቋሚያ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ሌሊቱን በሚቆም ማኅሌት እጅና ክንድ ስለሚያርፍበት ራስጌው በላብና በመዳፍ ራሱን ይወለውላል። ከቅቦች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ጉድለቱ ዓመታት መፍጀቱና ቆሞ ማደርን መጠየቁ ብቻ ነው።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ ይሰጣል። ቅቤ የነካውን ጨርቅ ግን የሚያሰጋው ድመት ነው።