ኧረ በግራም አለቅን!

እናንተ የእኔ ዕድሜ ቢጤዎች፣ እኔ እንኳ ደኅና አልሰነበትኩም፤ ቤቴ ግራም ገብቶበታል።

የልጅ ልጄ ኬክ ልትጋግር ተነሳች። ድፎ ዳቦ ምን ጎደለው ብዬ ብጠይቅ የሰማኝ የለም። ስልኳ 250 ግራም ዱቄት ይላል፤ ቤታችን ደግሞ ሚዛን የለም። ስለዚህ ግራሙ ወደ ኩባያ ይመንዘር ተባለ። ሁለት ኩባያ ለምትል አንዲት ቃል ግማሽ ቀን ሄደ! ስኳሩስ? 200 ግራም። ስንት ኩባያ ሆነ? አንድ! ዱቄት ሲሆን ኩባያው 125 ግራም ገደማ፣ ስኳር ሲሆን 200። «አባባ፣ ስኳር ይከብዳል እኮ፤ ዱቄት ውስጥ አየር አለ» አለችኝ። አየር! በእኛ ጊዜ ዱቄት ውስጥ የነበረው ዱቄት ነው።

ደግሞ ይህ አየር የሚሉት በማንኪያ እያነሱ ቀስ ብለው ሲሞሉት ብቻ ነው አሉ። ኩባያውን ጆንያው ውስጥ ነክረው ከጠቀጠቁት 150 ግራም ይገባና ኬኩ ይደርቃል። ያው ዱቄት፣ ያው ኩባያ! ጉድ በሉ።

ኩባያውንስ ማን ያምነዋል? የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። የሾርባ ማንኪያም አሜሪካ 15 ሚሊ ሊትር ሲይዝ አውስትራሊያ ሲደርስ 20 ይሆናል። ኤዲያ! ይህ ስፍር ነው ወይስ ቅጥፈት? ቁና ነበር እንጂ የሚያኮራ! የእኛ ቀዬ ቁና ከወንዝ ማዶው ይበልጥ ነበር፤ የማዶው ደግሞ ከገበያው ያንስ ነበር። ታዲያ ማንም ከማንም አይጣላም። ብንጣላም ዳኛ ፊት ቆመን፣ ረትተን እንመለስ ነበር።

እናቴ፣ ነፍሷን በገነት ያኑረውና፣ ሽሮውን በእፍኝ፣ ጨውን በቁንጥጫ፣ ቅቤውን በዓይኗ ነበር የምትሰፍረው። አንድ ቀን እንኳ ጨው በዝቶባት አያውቅም፤ የበዛ ዕለትም አባቴ ጠላውን ደጋግሞ ይጠጣ ነበር እንጂ ትንፍሽ አይልም። እኔ ራሴ ማድ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ወንድ ልጅ ምን ሊሠራ ይገባል! ግን ሙያውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ እናት ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን ሴት ናት። በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ፣ ኩባያም ማንኪያም አፉ ተስተካክሎ ካልተሰፈረ ወዮላችሁ ያለች እሷ ናት። ዘመኑን ልብ በሉልኝ! እኛ ዓድዋ ላይ ጣልያንን ስናስተካክል፣ እሷ ቦስተን ቁጭ ብላ የማንኪያ አፍ በቢላ ታስተካክል ነበር። ማን ቁም ነገር እንደሠራ እናንተው ፍረዱ።

ቅቤ ሻጭ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ካየሁት ግን አልምረውም። ኪሎ ኪሎ ነው! ሻዬንም ቢሆን ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አፉ ድረስ ብቻ፣ ሳይቆለል ብዬ ለዚችው ልጅ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ትናንት ቆልላ አመጣችልኝ፤ መልሼ ሰደድኩት። የዛሬ ልጆች እኮ መስፈር አያውቁም!